የብሳናው እንግዳ

ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ተቀመጡ። የበረንዳው በር ገርበብ እንዳለ ይቆይ፤ ከጀርባችሁ የተንጠለጠለውን የአጎበር ጨርቅም ማንም እንዳይነካው። ምክንያቱን ስጨርስ ትረዱታላችሁ።

ነገሩ የሆነው በዚሁ ዓመት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ነፋስ በልደታ ጅምር ሕንፃዎች መካከል አቧራ ማንሣት በያዘበት ሰሞን። ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩበት። አንደኛው ይኸው በቀኜ የተቀመጠው ሰይድ ነው። ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ከተማ ለግንበኞች የአጣና መወጣጫ ሲያሥር የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ጠላ ይሸጣሉ። ባለጉዳይ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሲወጣ ንዴቱን የሚያበርደው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ በዚህ ደረጃ ስንተላለፍ ሰላምታችሁን በአንገቴ ብቻ የምመልስ ሽማግሌ ነኝ። ነፍሳትን ሳጠናና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ አልናገርም። የምናገረው ስላጣሁ አይደለም፤ ጠያቂ ስላልነበረ ነው። ትናንት አንዳችሁ «ጋሼ፣ በረንዳዎ ላይ ምን ደብቀዋል?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይኸው ተጠርታችኋል።

አዳኝ ነኝ ስላችሁ ጠመንጃ አትፈልጉ። የእኔ አደን በመረብ ነው፤ ታዳኟም ቢራቢሮ ናት። ሳቁን ለሰይድ ተዉለት፤ እሱ መብት አለው።

አስቀድሜ እሷን ላስተዋውቃችሁ። በአማርኛ የታወቀ ስም ያላት አይመስለኝም፤ እኔ «ባለ አረንጓዴ ሥር» እላታለሁ። ክንፏን ስትዘረጋ ወደ ሰውነቷ የቀረበው ክፍል የቅቤ ቢጫ ነው፤ ወደ ውጭ እየራቀ ሲሄድ እንደ ተቆላ ገብስ ይጠይማል፤ ጠርዙ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ከእያንዳንዱ የኋላ ክንፏ ሁለት ሁለት ሹል ጭራ ይወጣል፤ የሴቷ ከወንዱ ይረዝማል። ከዘመዶቿ የሚለያት ግን ከትከሻዋ ተነሥተው በፊት ክንፏ ላይ የሚሄዱት ሥሮች ናቸው፤ የለጋ ሣር ዓይነት አረንጓዴ አላቸው። ክንፏን ስታጥፍ የደረቀ ቅጠል ትመስላለች፤ ነገር ግን ሥሩ ያልሞተ ቅጠል።

ቤቷ ሞቅ ያለ አገር ጫካ ነው። አበባ ለአበባ አትዞርም። ከቆሰለ ዛፍ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ፣ መሬት ወድቆ የቦካ ፍሬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የአውሬ እዳሪም ትመጥጣለች። አበራረሯ እንደ ወፍ ኃይለኛ ነው፤ የምትውለውም በዛፍ አናት ላይ ስለሆነ ከመሬት ሆኖ የሚጠብቃት ሰው የአንገት ሕመም ብቻ ያተርፋል። እንቁላሏን የምትጥለው በብሳና ቅጠል ላይ ነው። ልደታ ውስጥ ትገኛለች ብሎ የጻፈልኝ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ያለ ጥርጥር እጥለው ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከሰንጋ ተራ በእግሬ ስመለስ ነዋሪዎቹ በተነሡበት በአሮጌው ሰፈር በኩል አቋረጥሁ። ከቤቶቹ ገሚሱ ፈርሷል፤ የቀሩትም በርና መስኮታቸው ተነቅሎ ቆርቆሯቸው ብቻ በነፋስ ይንኳኳል። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ ግዙፍ ብሳና ቆሟል። ብሳና ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት እዚህም እዚያም ብርቱካናማ ያደርገዋል። ከእነዚያ ብርቱካናማ ቅጠሎች አንዱ ከቅርንጫፉ ተነሥቶ ወደ ላይ ሄደ። ቅጠል ወደ ላይ አይረግፍም። ባለሁበት ቆምሁ። ዛፉን ዞራ ተመለሰች፤ ጭራዋ ረጅም ነው፤ ሆዷን ቆልመም አድርጋ የአንዱን ቅጠል ገጽ ነካች። እንቁላል እየጣለች ነበር።

ደስታዬ ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም። ዓይኔን ወደ ግንዱ ስመልስ በቀይ ቀለም የተሳለ መስቀለኛ ምልክት አየሁበት። የዚህ ሰፈር ሰው ያ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የቦታውን ዘበኛ ስጠይቀው «ጥቅምት ሳይወጣ ይጸዳል፣ አባት» አለኝ፤ የሚጸዳው ቆሻሻ ይመስል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተቃወሰ። ዛፉ ሲወድቅ እንቁላሉም አብሮ ይወድቃል፤ በአካባቢው ሌላ ብሳና ፈልጌ አጣሁ። አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ሴቲቱን ከነሕይወቷ ይዤ፣ የብሳና ቅርንጫፍ በውኃ ውስጥ ተክዬበት በአጎበር በሸፈንሁት ቤት ውስጥ ባስገባት፣ የቀራትን እንቁላል እዚያ ትጥል ይሆናል። የእሷ ዕድሜ አጭር ነው፤ የዛፉ ደግሞ ከእሷም ያጥር ነበር።

ከብሳናው አጠገብ ሥራው የቆመ ጅምር ፎቅ አለ። ዛፉ ከቁልቁለቱ ሥር ስለተነሣ አናቱ ከአራተኛው ወለል ጋር ይስተካከላል። መወጣጫውን ያሠረው ሰይድ ነበር፤ ዘበኛውም «ሰይድ ካልወጣ እርስዎ አይወጡም» ብሎ ቆረጠ። ሰይድን ሄጄ ለመንሁት። ከሰማኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ።

«ጋሼ፣ ንብ አለ?»

«ስለ ምን ጠየቅኸኝ?»

«ልጅ ሆኜ አንዲት ንብ ነድፋኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ለቀብሬ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ነበር። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳትነደፍ ብሎኛል። ለንቦቹ ግን የነገራቸው የለም።»

ዛፉን በመነጽር ከላይ እስከ ታች መረመርሁት፤ መንጋ አልሰፈረበትም። ንቦቹ በፈረሱት ቤቶች ቆርቆሮ ሥር ገብተዋል፤ ቀን ቀን አደይ አበባ ላይ ናቸው። የእኔ ማጥመጃ ደግሞ የበሰበሰ ሙዝና የጠላ አተላ ነው። ለእሷ ዓይነት ቢራቢሮ ከዚህ የሚበልጥ ግብዣ አላውቅም፤ ንብን ግን የአተላ ኮምጣጣነት አይስባትም። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። «እንግዲያው ቢስሚላህ» አለ።

ሙዙን ወስጄ ለወይዘሮ አስካለ ሰጠኋቸውና አተላ ለውሰው እንዲያሳድሩልኝ ጠየቅሁ።

«አተላ? ከብት ገዙ እንዴ?»

«አይደለም። ለአንዲት ቢራቢሮ ነው።»

«የት ያለች?»

«ከቆላ የመጣች። እዚህ አገሯ አይደለም።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዳ ናታ» አሉ። እኔም እንደ ልማዴ ምንም ሳልጨምር ወጣሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሰሃኑን በፌስታል ጠቅልለው፣ በገመድ አሥረው አስረከቡን። እኔ ረጅም የቀርከሃ እጀታ ያለውን መረብና የአጎበሩን ቤት ስለያዝሁ ሰሃኑ ለሰይድ ደረሰው። ሰይድ ሰሃኑን ከሰውነቱ አርቆ ያዘው።

«እትዬ አስካለ፣ መስጊድ ስገባ አተላ ሸተትህ ቢሉኝ መልሱን እርስዎ ይስጡልኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ሽታ የሚያሰክር ቢሆን እኔ ይኼኔ ቆሜ አላወራህም ነበር!»

እኔን የጥቅምት ጉንፋን አፍንጫዬን ድፍን አድርጎት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

አራተኛው ወለል ግድግዳ የለውም። ከወለሉ ጠርዝ ውጭ ሰይድ ያጋደመው ጣውላ በአጣናዎቹ ላይ ተንተርሶ ወደ ብሳናው ይጠጋል። ነፋሱ ሲመጣ አጣናው ሲጢጥ ይላል። ከሥራችን የተሰባበረ ብሎኬትና ጫፉን ወደ ሰማይ ያቆመ ፌሮ ይታያል።

«መካከሉ ላይ ይቀመጡ። ወደ ታች አይመልከቱ» አለኝ።

«የእኔ ጉዳይ ወደ ላይ ነው።»

«የፈራሁትም እሱን ነው። ከፎቅ ሲወድቅ ያየሁት ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያይ ነበር።»

ሰይድ ሽታው እንዳይደርስበት ትንፋሹን ይዞ ፌስታሉን ፈትቶ ሰሃኑን በአንድ አጣና ጫፍ ላይ አሠረና ወደ ቅርንጫፎቹ ገፋው። ሲያሥር ፈሳሹ በጣቶቹ ላይ ወረደ። «አተላ እንዲህ ይጣበቃል እንዴ?» አለኝ። «ሙዙ ይሆናል» አልሁት። «እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ቀምሼው አላውቅ።» ወደ ሰሃኑ አየሁ፤ የጠቆረ የሙዝ ድልህ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከዛፉ አናት አልተመለሰም።

ፀሐይዋ ስትሞቅ መጣች። በመጀመሪያ ጥላዋ በጉልበቴ ላይ አለፈ። አንድ ጊዜ ዞራ ራቀች፤ ሁለተኛ ጊዜ ዞራ ቀረበች፤ ከዚያ ያለ ማመንታት በሰሃኑ ከንፈር ላይ አረፈች። ክንፏን አጠፈች። አረንጓዴዎቹ ሥሮች ይታዩኛል፤ አራቱ ጭራዎች ይታዩኛል። መረቤ ይደርስባታል። እጀታውን ለማንሣት ጀመርሁ።

በዚያች ቅጽበት አንዲት ንብ ሰሃኑ ላይ አረፈች። አንዲት ንብ ምንም አይደለችም አልሁ። ሌሎች ተከተሉ። ከዚያ ሰሃኑ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለ። ድምፁ ከየቆርቆሮው ሥር እየወጣ ወደ እኛ ሲመጣ ሰማሁ። ይህ ለአተላ የሚመጣ ቁጥር አይደለም ብዬ ሳስብ ነበር ከታች፣ ከቁልቁለቱ፣ ያ ድምፅ የተሰማው።

«ጋሼ! እንግዳዋ መጣች? ማሩን ወደደችልኝ?»

ማር!

ፊቴን ቀስ ብዬ ወደ ሰይድ አዞርሁ። ሁለት እጆቹ በጉልበቶቹ ላይ እንደተዘረጉ ቀርተዋል። ማር የፈሰሰባቸው ጣቶቹ አይታዩም፤ በንብ ተሸፍነዋል። አንዷ በአገጩ ላይ ትሄዳለች። ዓይኖቹ እኔን ብቻ ያያሉ። ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ «ያ ረቢ» ሲል ሰማሁት።

የንብን ጠባይ ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን እውቀቴ ፍርሃቴን አባባሰው እንጂ አልቀነሰውም። ንብ ስትነድፍ ወገኖቿን የምትጠራበት ሽታ ከሙዝ ሽታ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ሰሃናችን ደግሞ ሙዝ በማር ነው። እስካሁን ማር የምትልስ ንብ ናት፤ ሰላማዊ ናት። አንድ ሰው እጁን ቢያራግፍ፣ አንዷ ብትጨፈለቅ፣ መረብ በሰሃኑ ላይ ቢወረወር፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሰይድም አያመልጠውም፤ እኔም ጣውላው ላይ አልቆይም።

«ሰይድ» አልሁት በትንፋሼ፣ «እየበሉ ነው። አልተቆጡም። እጅህ የአንተ እንዳልሆነ ቁጠረው።»

ከታች ወይዘሮ አስካለ ደገሙ። «ጋሼ! ኧረ ይመልሱልኝ!» ዓይኔን ከሰይድ ጣቶች አላነሣሁም። «ይኸው! እንደ ልማዳቸው መልስ የለም! ማሬን አብልቼ ቃል ነፈጉኝ!» እያሉ ለአላፊ አግዳሚው ሲከሱኝ ይሰማኛል።

አንድ መረብ ነበረኝ። እሷ ከመረቡ በክንድ ርቀት ላይ ክንፏን አጥፋ ትጠጣለች፤ ንቦቹ በዙሪያዋ ሲተራመሱ ጭራዋን እንኳን አላነቃነቀችም። ሰይድ በሌላው ጎኔ ፊቱ ገላጣ ነው። ረጅም አላሰብሁም፤ ረጅም የመሰለኝ እጄ ስለዘገየ ነው። እጀታውን በሁለት እጄ ወደ ኋላ እየሳብሁ የመረቡን አፍ ከእሷ አራቅሁት፤ አዞርሁት፤ ከአገጩ ላይ ያለችው ንብ ተነሥታ ወደ ሰሃኑ እስክትመለስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ከፀጉሩ ጀምሬ በሰይድ ራስ ላይ አለበስሁት። እስከ ደረቱ ወረደለት። በመረቡ ውስጥ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተነፍስ ጨርቁ ወደ አፉ ተጠጋ፤ ተመለሰ።

እጆቹ ቀሩ። ከቦርሳዬ የውኃ ጠርሙስ አወጣሁና በጣቶቹ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ማሩ ሲቀጥን ንቦቹ እየተነሡ፣ ገና ወዳልተነካው ወደ ሰሃኑ ሄዱ። አንዷ ግን በሸሚዜ አንገትጌ ገብታ ነበርና እዚህ ጋ፣ ከጆሮዬ ሥር ነደፈችኝ። ሌሎቹን ጠርታለች ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔ አለቀሰ፤ እጄ ግን ውኃውን ማንጠባጠብ አላቆመም። ነፋሱ በዚያች ጊዜ ከእኛ ወደ ውጭ ስለነፈሰ ይሆን፣ ወይም ማሩ ስለበለጠባቸው፣ አላውቅም፤ የመጣ አልነበረም።

በመቀመጫችን ወደ ኋላ ተንፏቀቅን። የመረቡን እጀታ ይዤ ስስበው ሰይድ ይከተለኛል። ወለሉን ስንረግጥ ዞሬ አየሁ። በሰሃኑ ከንፈር ላይ እንዳለች ነበረች።

ከታች ደርሰን መረቡን ሳወልቅለት ሰይድ እንደ ሕፃን ልጅ እጆቹን እያገላበጠ ተመለከታቸው። ከዚያ ተቀመጠና መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ከለቅሶ ጋር ተደባለቀ።

«ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያድኑ ኖረው ከያዙት ሁሉ ትልቁ እኔ ነኝ!»

ወይዘሮ አስካለ ሲደርሱ አንገቴ አብጦ ነበር። የሆነውን ሲሰሙ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ ከቆላ ድረስ ለመጣች እንግዳ አተላ ላቅርብ? አስካለ ቤት አተላ በላች ይባል? እኔ እንዲህ ሆኜ አላደግሁም፣ ጋሼ!» ምን ብዬ ልወቅሳቸው? ለራሳቸው ክፉ ቀን የደበቁትን ማር ነበር የሰጡኝ። ቀን እስኪመሽ በአንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ሲቀያይሩ ዋሉ።

ሁለተኛ ሙከራ አልነበረም። ነፋሱ ጠነከረ፤ እሷም አልታየችም። በጥቅምት ማለቂያ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ፤ አንድ ጠዋት የመጋዙን ድምፅ ከዚህ በረንዳ ሰማሁት። ሮጬ ሄድሁ፤ እንዳልገባ ተከለከልሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ዛፉ ሲወድቅ በእግሬ ሥር ተሰማኝ።

ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሰይድ ነበር፤ በአጎበር የተጠቀለለ የብሳና ቅርንጫፍ ታቅፏል። እንጨቱን የሚቆርጡት የሥራ ባልደረቦቹ ስለነበሩ አስገብተውታል። የወደቀውን አናት ቅጠል በቅጠል ሲገላልጥ ውሏል።

«ይቺ ባለ ቀንድ የእርስዎ ናት?»

አየኋት። አረንጓዴ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ በራሷ ላይ ቀንዶች የተተከሉባት አባጨጓሬ። አንዲት ብቻ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱን ብቻ አላወቀም። ሰይድ የተሠማራበት ሥራ ካለበት አካባቢ ሁሉ የብሳና ቅጠል ይዞ ይመጣል። ወይዘሮ አስካለ ለደንበኞቻቸው «ብሳና ያለበት ግቢ የምታውቁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አባጨጓሬዋ በላች፤ አደገች፤ በኅዳር መጨረሻ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥላ አረንጓዴ ሙሽሬ ሆነች፤ ሙሽሬ የምንለው አባጨጓሬ በቅርፊት ተሸፍና ወደ ቢራቢሮ የምትለወጥበትን ደረጃ ነው። ከጀርባችሁ በአጎበሩ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። አሁን አትዙሩ፤ ቀስ ብላችሁ በኋላ ታያላችሁ።

ምን ተማርህ ብትሉኝ፣ አዳኝ ትንፋሹን የሚይዘው ታዳኙ እንዳይሸሽ ነው ብዬ አስተምር ነበር። በዚያ ጣውላ ላይ ትንፋሼን የያዝሁት ሌላ ሰው እንዲተነፍስ ነበር። ልዩነቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ሥር ይሰማኛል፤ እብጠቱ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ወደ ዛፍ አናት ከማየቴ በፊት ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው አያለሁ። ብዙ አይደለም። ግን እሷን ባልይዝም የያዝሁት ይህ ነው።

እናንተን ለመጥራት ዛሬን የመረጥሁበት ምክንያት አለ። ትናንት ማታ አረንጓዴው መጥቆር ጀመረ። ሙሽሬ የሚጠቁረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ውስጡ ያለው ክንፍ ተሠርቶ ሲያልቅና በቅርፊቱ አልፎ ሲታይ፣ ወይም ውስጡ ያለው ሲሞት። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ይህን ለመለየት ዕድሜ ልክ የተማርሁት ትምህርት አይረዳኝም። ሰይድ ከንጋት ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ሻዩም ቀዝቅዞበታል።

በሩን ክፈቱላቸው፤ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሰሃን ይዘዋል። ሳልጠይቃቸው ከደጃፉ ሆነው በሹክሹክታ ይምላሉ።

«አተላ ነው ጋሼ፣ ልደታን! ይሽትቱት!»

ሰይድ አፍንጫውን ይዞ እንዲገቡ በእጁ ምልክት አደረገላቸው። ሰሃኑን ከአጎበሩ ሥር አስቀመጡና በእንግዳ ፊት አተላ ያቀረበች ሴት ፊት ይዘው ከግድግዳው ጥግ ቆሙ። ዝም እንበል። እንግዳዋ ገና አልመጣችም።